የሲኒማው ሊቅ ተሾመ ገብርኤል

ፕሮፌሰር ተሾመ ገብርኤል የተወለዱት በ1939 በአርሲ ውስጥ በምትገኘው በትንሿ የጢቾ ከተማ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. የሚል ካልተጨመረባቸው በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዘመኑ አገራችን በፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ሥር የወደቀችበት ነበር። ወራሪው ጦር መድፍና የመርዝ ጋዝ ብቻ ሳይሆን የፊልም መቅረጫም ይዞ ነበር የመጣው። ኢጣሊያኖች በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶችን ከፍተው የፋሺስትን ገናናነት የሚሰብኩ፣ የተወረረውን ሕዝብ ግን ሥልጣኔ እንደተመጸወተ አድርገው የሚያቀርቡ ፊልሞችን ያሳዩ ነበር። ከዚያም ቀደም ብሎ የአዲስ አበባ ሕዝብ ለመጀመሪያው ሲኒማ ቤት «የሰይጣን ቤት» የሚል ስም አውጥቶለት እንደነበር ይታወቃል። ይህን ስም ያላዋቂነት ምልክት ነው ብሎ ስቆ ማለፍ የተለመደ ነው። ነገር ግን በጨለማ አዳራሽ ውስጥ በነጭ ጨርቅ ላይ የሚንቀሳቀሰው ዓለም ማን እንደሠራው፣ ለማን እንደሠራውና ለምን እንደሠራው ለተመልካቹ የሚነግረው ሰው ስላልነበረ፣ ሕዝቡ መጠራጠሩ ከቶ አያስነቅፈውም። ተሾመ ገብርኤል ዕድሜያቸውን የሰጡት ይህንኑ ጥርጣሬ በሥርዓት ለመመርመር ነው ማለት ይቻላል።

ወጣቱ ተሾመ ወደ አሜሪካ የተሻገሩት በ1962 ነበር። በዩታ ዩኒቨርሲቲ ገብተው በመጀመሪያ የተማሩት የፖለቲካ ሳይንስ ሲሆን፣ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ያገኙት ደግሞ በትምህርት መገናኛ ዘዴዎች ሙያ ነው። ይህ መንገድ በኋላ ሥራቸው ላይ በግልጽ ይታያል፤ ፊልምን የተመለከቱት ከመዝናኛነቱ ይልቅ ከሥልጣንና ሕዝብን ከማስተማር ጉዳይ ጋር አያይዘው ነበርና። ከዩታ ወደ ሎስ አንጀለስ ሄደው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በሎስ አንጀለስ የፊልም ትምህርት ቤት ገቡ። ገና ትምህርታቸውን ሳያጠናቅቁ በ1974 በዚያው ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመሩ። የዶክትሬት ዲግሪያቸውን የተቀበሉት በ1979 ነው። ከዚያ በኋላም እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ከዚያ የማስተማሪያ ክፍል አልተለዩም።

ሎስ አንጀለስ የሆሊውድ አገር ናት። በዚያች ከተማ ሆኖ ስለ ድሆች አገሮች ፊልም ማስተማር፣ በንጉሥ ግቢ ቆሞ ስለ ገበሬው ብሶት እንደ መናገር ይቆጠራል። ሆኖም ጊዜው የለውጥ ጊዜ ነበር። በ1965 ዋትስ በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር ታላቅ ሁከት ተነሥቶ ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ፣ ዩኒቨርሲቲው በተማሪዎች ግፊት ለጥቁሮች፣ ለሜክሲኮ ተወላጆች፣ ለእስያ ተወላጆችና ለቀያይ ሕንዶች ልጆች የፊልም ትምህርት ቤቱን በር ቀስ በቀስ ከፈተ። በትምህርት ቤቱ የመጀመሪያው ጥቁር መምህር ኤሊሲዮ ቴይለር ፊልምና ማኅበራዊ ለውጥ የሚል ትምህርት አቋቁመው ነበር። እርሳቸው ሲለቁ ትምህርቱን ተረክበው ያስፋፉት ተሾመ ገብርኤል ናቸው። ተማሪዎቹ በዚያ ክፍል ከኩባ፣ ከብራዚል፣ ከሴኔጋልና ከሌሎችም አገሮች የመጡ ፊልሞችን ያዩ ነበር። በዚያን ጊዜ እነዚህን ፊልሞች በአሜሪካ ሲኒማ ቤት ማግኘት አስቸጋሪ ስለነበር፣ ለብዙዎቹ ተማሪዎች ያ ክፍል ብቸኛው መስኮት ሆነላቸው።

በዚያው ዘመን በትምህርት ቤቱ ከነበሩት መካከል ከጎንደር የሄደው ኃይሌ ገሪማ፣ ቻርልስ በርኔትና ጁሊ ዳሽ ይገኙበታል። ኃይሌ በ1974 ወደ አገሩ ተመልሶ በሁለት ሳምንት ገደማ ጊዜ ውስጥ በጥቁርና ነጭ የቀረጸው፣ በአማርኛ የሚነገረውና የባለርስትንና የጭሰኛን ኑሮ የሚያሳየው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በ1976 ለሕዝብ ቀረበ። ፊልሙ የተቀረጸው የዘውዱ ሥርዓት በወደቀበት ዘመን ነበር። የእነዚህ ወጣቶች እንቅስቃሴ በኋላ የሎስ አንጀለስ ዐመፅ ተብሎ በፊልም ታሪክ ውስጥ ተመዘገበ። ተሾመ ገብርኤል ራሳቸው በፊልም ሠሪነት አልታወቁም። የእርሳቸው ድርሻ ሌላ ነው፤ ወጣቶቹ በካሜራ የሚፈልጉትን ነገር ስምና ሥርዓት ያለው እውቀት አድርገው አቀረቡላቸው።

ያን እውቀት ያሰፈሩበት ዋና መጽሐፋቸው በ1982 ታተመ። መጽሐፉ ስለ ሦስተኛው ዓለም ሦስተኛ ሲኒማና ስለ ነፃነት ውበት የሚናገር ነው። ሦስተኛ ሲኒማ የሚለውን ስያሜ መጀመሪያ ያወጡት ፈርናንዶ ሶላናስና ኦክታቪዮ ጌቲኖ የተባሉ ሁለት የአርጀንቲና ፊልም ሠሪዎች ሲሆኑ፣ ይኸውም በ1969 ነው። በእነርሱ አከፋፈል አንደኛው ሲኒማ የሆሊውድና እርሱን የሚመስለው የንግድ ሲኒማ ነው፤ ሁለተኛው የአንድን ደራሲ የግል ስሜት የሚገልጸው የአውሮፓ ዓይነት ሲኒማ ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ ለሕዝብ ነፃነት የሚታገል ሲኒማ ነው። ተሾመ ይህን ከላቲን አሜሪካ የመነጨ ሐሳብ ወደ አፍሪካና ወደ እስያም አስፍተው ታሪካዊ ቅርጽ ሰጡት። ለዚህም ፍራንዝ ፋኖን ስለ ቅኝ ተገዢ ሕዝቦች ባህል ያቀረበውን አስተያየት መሠረት አደረጉ። በእርሳቸው አመለካከት የሦስተኛው ዓለም ፊልም በሦስት ደረጃዎች ያልፋል። በመጀመሪያው ደረጃ ፊልም ሠሪው ሆሊውድን በጭፍን ይቀዳል፤ ጀግናው፣ ሙዚቃው፣ አለባበሱ ሁሉ የሌላ ነው። በሁለተኛው ደረጃ ወደ ራሱ ይመለስና ያለፈውን ዘመን፣ የአባቶቹን ወግና የገጠሩን ኑሮ ያስታውሳል። ሦስተኛው የትግል ደረጃ ነው፤ ፊልሙ የሕዝቡን የኑሮ ችግር ከነምክንያቱ አንሥቶ የሕዝቡ መሣሪያ ይሆናል። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚያስፈልገው፣ ሁለተኛው ደረጃ ራሱ አደጋ እንዳለው ማመልከታቸውን ነው። ያለፈውን ዘመን ማስታወስ መልካም ቢሆንም፣ ያለ ሂስ ማወደስ ወደ ሌላ ስሕተት ይወስዳል።

ከሥራዎቻቸው ሁሉ የአማርኛን ተማሪ ይበልጥ የሚያስደስተው ግን ይህ መጽሐፍ ሳይሆን በ1980 «ፕሬዛንስ አፍሪኬን» በተባለው መጽሔት ላይ ያወጡት አጭር ጽሑፍ ይመስለናል። በዚያ ጽሑፍ የሴኔጋላዊውን የኡስማን ሴምቤንን «ሃላ» የተባለ ፊልም የተነተኑት በሰምና ወርቅ ነው። በቅኔ ቤት ለዘመናት ሲሠራበት የኖረው የእኛው መለኪያ፣ በዳካር ከተማ በተሠራ ፊልም ላይ ሲውል ያ ሳይሆን አይቀርም የመጀመሪያው።

ፊልሙ በ1975 የተሠራ ነው። ታሪኩ እንዲህ ነው። ነፃነት ከተገኘ በኋላ ኤል ሐጂ የተባለ ሀብታም ነጋዴና ጓደኞቹ ፈረንሳዮችን ከንግድ ምክር ቤት አስወጥተው ቦታውን ይይዛሉ። ፈረንሳዮቹ ግን ወዲያው ተመልሰው በገንዘብ የተሞሉ የእጅ ቦርሳዎችን ለእያንዳንዳቸው ያድላሉ። ኤል ሐጂ ሦስተኛ ሚስት ያገባል፤ በሠርጉ ሌሊት ግን ወንድነቱ ከዳው። «ሃላ» ማለት ይህ እርግማን ነው። መድኃኒት ፍለጋ ከአዋቂ ወደ አዋቂ ሲንከራተት ንግዱ ይወድቃል፤ ጓደኞቹም ያባርሩታል። በዚህ መሐል ሾፌሩ መርሴዲስ መኪናውን ከፈረንሳይ በመጣ የታሸገ ውሃ ሲያጥብ እናያለን። በመጨረሻ እርግማኑን የጣለበት አንድ ዓይነ ስውር ለማኝ ሆኖ ይገኛል፤ ለማኙም ኤል ሐጂ ቀደም ሲል መሬቱን የቀማው የገዛ ዘመዱ ነው። ለመዳን ከፈለገ ራቁቱን ቆሞ ለማኞቹ እንዲተፉበት ይፈረድበታል።

ሰሙን ብቻ የሚያይ ተመልካች አንድ ሽማግሌ በአዲስ ሙሽራ ፊት ሲያፍር አይቶ ስቆ ይወጣል። ወርቁ ግን የግለሰቡ ድክመት አይደለም፤ የቅኝ ገዢውን ወንበር ወርሶ የቅኝ ገዢውን ልማድ ያልተወ፣ ለአገሩ አንዳች ፍሬ ሊያፈራ ያልቻለ አንድ መደብ መካንነት ነው። ተሾመ በጽሑፋቸው ያሳዩት ሴምቤን ይህን ወርቅ በንግግር ሳይሆን በዕቃዎች፣ በልብስ ቀለም፣ በቋንቋ ምርጫና ሰዎቹ በሚቆሙበት ቦታ ውስጥ እንደሸሸገው ነው። የኤል ሐጂ ልጅ ራማ ከአባቷ ጋር ስትነጋገር አባትየው በፈረንሳይኛ፣ እርስዋ ግን በወሎፍ ትመልሳለች፤ ከጀርባዋ የተሰቀለው የአፍሪካ ካርታ ቀለሞች ከልብስዋ ቀለም ጋር ይስማማሉ። ይህ ሁሉ ኅብረ ቃል ነው፤ ቃሉ በሥዕል ተተክቷል እንጂ። እንደሚታወቀው አንጥረኛ መጀመሪያ ቅርጹን በሰም ይሠራና በጭቃ ይሸፍነዋል፤ ሰሙ ሲቀልጥ ባዶ የቀረውን ስፍራ ወርቁ ይሞላዋል። ባለቅኔ በዚህ ዘዴ ተጠቅሞ በንጉሥ ፊት ንጉሥን ሊነቅፍ ይችል ነበር። ሴምቤንም ፊልሙን ያሳየው ሳንሱር ባለበት አገር ነው፤ በሴኔጋልም ብዙ ቦታ እየተቆረጠ ነበር የታየው። አንድ ኢትዮጵያዊ ይህን አንጥሮ ለማየት የቻለው በአጋጣሚ አይመስልም።

በ1989 የወጣው ሌላው ታዋቂ ጽሑፋቸው ሦስተኛው ሲኒማ የሕዝብ ትዝታ ጠባቂ ነው የሚል ሐሳብ ይዟል። መንግሥታት የሚያጽፉት ታሪክ በጽሑፍ ስለሚሰፍር የመጨረሻው ቃል እርሱ እንደሆነ ይታሰባል። የሕዝብ ትዝታ ግን በዘፈን፣ በተረት፣ በልቅሶና በሽማግሌዎች ጨዋታ ውስጥ ይኖራል፤ የተጻፈው ታሪክ የተወውንም ይይዛል። ሐሳቡን ለመረዳት አንድ ምሳሌ ከአገራችን እንውሰድ፤ ምሳሌው የእኛ እንጂ የእርሳቸው አይደለም። በ1887 ዓ.ም. ምኒልክ ራሳቸው በመሩት ዘመቻ የወላይታው ንጉሥ ካዎ ጦና ቆስለው ተማረኩ። ቫንደርሄይም የተባለ አንድ ፈረንሳዊ ከዘመቻው ጋር ተጉዞ ያየውን በመጽሐፍ አሳተመ። ዛሬ ስለዚያ ዘመቻ ለመጻፍ የሚሻ ሰው በመጀመሪያ የሚያገኘው እንዲህ ያሉትን ጽሑፎች ነው። በዳሞታ ተራራ ዙሪያና በሶዶ አካባቢ ያሉ ሽማግሌዎች ግን ስለዚያው ዘመንና ስለ ካዎ ጦና ከአባቶቻቸው የሰሙትን በወላይትኛ ለልጆቻቸው ሲያወርዱ ኖረዋል። በጽሑፉ ውስጥ ስም የሌለው ሰው በዚያ ጨዋታ ውስጥ ስም አለው፤ በጽሑፉ ውስጥ ቁጥር የሆነው ሙት በዚያ አባትና ልጅ ነው። ሲኒማ በፓሪስ ለሕዝብ የታየው ይህ ዘመቻ ከተፈጸመ ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በታኅሣሥ ወር 1888 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ስለ ካዎ ጦና ፊልም የሚሠራ ሰው የዘመኑን ተንቀሳቃሽ ሥዕል አያገኝም፤ ያለው ምርጫ ጽሑፉን መከተል፣ ወይም ሽማግሌዎቹን መስማት፣ ወይም ሁለቱን ማፋጠጥ ነው። ተሾመ ገብርኤል ከሦስተኛው ሲኒማ የሚጠብቁት የመጨረሻውን ነው።

ስለ ፊልም አሠራር ደግሞ በ1985 ባወጡት ጽሑፍ፣ የአፍሪካ ፊልም ዘገምተኛ ነው ለሚሉ ሰዎች መልስ ሰጥተዋል። የሆሊውድ ፊልም ጊዜን ያሳድዳል፤ ካሜራው የአንዱን ሰው ፊት አቅርቦ የልቡን ጭንቀት ያሳያል። በሦስተኛው ዓለም ፊልም ውስጥ ግን ስፍራው፣ መንደሩና ሰዎች እርስ በርሳቸው ያላቸው ግንኙነት ይበልጣል፤ በዚህም ምክንያት ካሜራው ርቆ ይቆማል፣ ሳይቆረጥም ብዙ ያሳያል። ስለዚህ መዘግየቱ የችሎታ ማነስ አይደለም፤ ሌላ የአኗኗር ሥርዓት በሌላ መንገድ ሲነገር ነው። ይህ አስተያየት ዛሬ የተለመደ ሆኗል። በዚያን ጊዜ ግን በድፍረት የተነገረ ነበር።

ሁሉም አልተቀበላቸውም። ስለ ላቲን አሜሪካ ፊልም የምታጠናው ጁሊያን በርተን በ1985 «ስክሪን» በተባለው የእንግሊዝ መጽሔት ላይ ጠንካራ ሂስ አቀረበችባቸው፤ እርሳቸውም በሚቀጥለው ዓመት በዚያው መጽሔት በጠነከረ ቃል መልስ ሰጡ። እውነቱን ለመናገር፣ ሦስት አህጉራትን በአንድ መሰላል ላይ ማቆም ብዙ ልዩነቶችን ሳይደፈጥጥ አይቀርም። አጻጻፋቸውም ለጀማሪ የሚቀል አይደለም። ይሁን እንጂ ከእርሳቸው በኋላ ስለ አፍሪካ ፊልም የጻፈ ሰው ደግፎም ሆነ ተቃውሞ ስማቸውን ሳያነሣ ማለፍ አልቻለም።

እያደር ራሳቸውም ከዚያ መሰላል ራቅ አሉ። በ1988 ስለ ዘላን ሕዝቦች ውበት ጻፉ፤ ቤቱን በጀርባው ተሸክሞ የሚጓዘውን ዘላን ከጥቁር አሜሪካውያን ነፃ ፊልም ሠሪዎች ጋር አነጻጸሩ። በ1993 ከሐሚድ ናፊሲ ጋር ሆነው ስለ ባዕድነትና ስለ መገናኛ ብዙኃን አንድ መድበል አዘጋጁ። በ1997 ደግሞ ከሥራ ባልደረባቸው ከፋቢያን ዋግሚስተር ጋር በመሆን ኮምፒውተርን ከሽመና ጋር ያዛመደ ጽሑፍ አወጡ። በሶዶ ገበያ የወላይታን ዱንጉዛ ያየ ወይም የሸማኔውን ጉድጓድ ቆሞ የተመለከተ ተማሪ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ሸማኔው ድሩንና ማጉን እየቆጠረ፣ ቀዩን፣ ጥቁሩንና ቢጫውን በተራ እያስገባ መወርወሪያውን ሲያመላልስ፣ በእያንዳንዱ ክር ላይ የሚወስነው ክሩ ከላይ ይለፍ ወይስ ከታች የሚለውን ነው። ኮምፒውተርም የሚሠራው እንዲህ ባሉ የሁለት አማራጭ ውሳኔዎች ነው። በእርግጥም በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ በፈረንሳይ የተሠራው፣ በተበሳ ካርቶን የሚታዘዘው የሽመና መሣሪያ ለኮምፒውተር አባት ሆኗል። አዲሱ መሣሪያ የባለጠጎች አገሮች ብቻ ነው የሚለውን አስተሳሰብ ተሾመ የተቃወሙት በዚህ መንገድ ነው።

አብዛኛው ሥራቸው በእንግሊዝኛ በመጻፉ በአገራችን በስፋት አልተነበበም። ይህ በሕይወታቸው ውስጥ የሚያሳዝን ነገር ነው፤ በሰምና ወርቅ የሴኔጋልን ፊልም ለዓለም ያስረዱ ሰው፣ ሰምና ወርቅን በሚያውቀው ሕዝብ ዘንድ ከስማቸው ያለፈ አልታወቁም። እርሳቸው ግን አልተዉትም። ከ1987 እስከ 1991 «ጧፍ» የተባለውን በአማርኛ የሚዘጋጅ የሥነ ጥበብ መጽሔት መሥርተው ከአዘጋጆቹ አንዱ ሆነው ሠርተዋል። ጧፍ ከፈትልና ከሰም እንደሚሠራ አንባቢ ያውቃል። ከዚህም ሌላ «ኢመርጀንስስ» የተባለ የእንግሊዝኛ መጽሔት አቋቁመው የተለያዩ አገሮች ተመራማሪዎች በመገናኛ ብዙኃንና በባህል ጉዳይ እንዲጽፉበት አድርገዋል።

ፕሮፌሰር ተሾመ ገብርኤል በሰኔ ወር 2002 ዓ.ም. በድንገተኛ የልብ ሕመም በሎስ አንጀለስ ሞቱ። ዕድሜያቸው 70 ዓመት ነበር፤ ከዚያም ውስጥ ግማሹን ያህል ያሳለፉት በመምህርነት ነው። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ2011 መጸው፣ የዩኒቨርሲቲው የፊልም ቤተ መዛግብት የሎስ አንጀለስ ዐመፅን ፊልሞች ከየተቀመጡበት አሰባስቦና የተበላሹትን አድሶ ለሕዝብ አሳየ። ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በፊት በተማሪዎች ትንሽ ገንዘብ የተሠሩት እነዚያ ፊልሞች በሙሉ አዳራሽ ታዩ፤ ያን ጊዜ ተማሪ የነበሩትና ፀጉራቸው የሸበተው ፊልም ሠሪዎችም መድረክ ላይ እየወጡ በዚያ ክፍል ስላዩአቸው የኩባና የሴኔጋል ፊልሞች ተናገሩ።